ከጦር ሜዳው ኋላ የነበረው ቤት

በአዳማ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በጥቂቱ ታርሞ የቀረበ።

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤ ጤና ይስጥልኝ። አካም ኦልታን። በዚህ ሙቀት ሥራችሁን ትታችሁ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ያክብርልኝ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ነው። ስለ ማይጨው ግን አልናገርም። ስለ ጄኔራሎቹም፣ ስለ አውሮፕላኑ ብዛትም አልናገርም። እሱን ብዙዎች ተናግረውታል፣ ደህና አድርገውም ጽፈውታል። እኔ የምናገረው ስለ ቤት ነው። ጠመንጃ ስላልያዘችው ሴት፣ ስለ ገበሬው፣ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ሕፃኑ። ባዕድ ጦር አገር ይዞ ሲቀመጥ እነዚህ ሰዎች ጠዋት ተነስተው ምን ይሠሩ ነበር? ምን ይበሉ ነበር? በምን ይገበያዩ ነበር? ማንን ያምኑ ነበር?

ለምን ይህን መረጥክ ብትሉኝ አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ የጠፋውን ሕይወት ዘርዝሮ አቅርቧል። በጦርነቱ የወደቁ 275,000። በወረራው ዘመን በውጊያ የሞቱ አርበኞች 78,500። በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ 30,000። በማጎሪያ ካምፕ 35,000። በችሎት ስም የተገደሉ 24,000። በአውሮፕላን ድብደባ የሞቱ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች ሰላማውያን 17,800። እነዚህን ደምሩ። የቀረው አንድ መስመር ነው፤ እሱም መንደራቸው ተቃጥሎ በረሃብና በችግር ያለቁ 300,000። ጠቅላላው 760,300።

ሦስት መቶ ሺህ! ከሁሉም መስመሮች ትልቁ ይህ ነው። በጦር ሜዳ ከወደቀው ይበልጣል። ቁጥሩ መንግሥት ለካሳ ጥያቄ ያዘጋጀው ነው፤ የታሪክ ሰዎች ሊከራከሩበት ይችላሉ፣ ይከራከራሉም። የነገሩ ቅርጽ ግን አይለወጥም። ሐውልት ያለው ለየትኛው ነው? በዓል ያለው ለየትኛው ነው? ሐውልቱ ይገባል፣ በዓሉም ይገባል። ለእነዚህ ሦስት መቶ ሺህ ግን ምን አለን? እንዴት እንደሞቱ እንኳ ለልጆቻችን ማስረዳት እንችላለን?

እኔ ዛሬ ይህንን ላስረዳ ነው የመጣሁት። ነገሬን በአራት ከፍዬዋለሁ። መጀመሪያ ጠላት ከመግባቱ በፊት ስለነበሩት ባዶ ቀናት፣ ቀጥሎ ስለ ገንዘብ፣ ከዚያ ስለ እህል፣ በመጨረሻም ስለ ሰፈርና ስለ ጎረቤት። ከዚያ በኋላ ለእናንተ የማስረክበው ሥራ አለ።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። ብዙ ሰው ወረራ ማለት ጠላት የገባበት ቀን ይመስለዋል። ለከተማ ነዋሪ ግን መከራው የሚጀምረው አንድ እርምጃ ቀድሞ ነው፤ የራሱ መንግሥት ወጥቶ ሌላው ሳይገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ የወጡት ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ነው። ጣሊያን የገባው ሚያዝያ 27 ነው። በመካከሉ ያሉትን ቀናት አስቡ። ፖሊስ የለም። ዳኛ የለም። መጋዘኑ ተሰበረ፣ ሱቁ ተዘረፈ፣ የከተማው መሃል ነደደ። የውጭ ዜጎች ወደየኤምባሲያቸው ግቢ ገቡ፤ ያገሩ ሰውስ ወዴት ይግባ? በሩን ከውስጥ ዘግቶ ተቀመጠ። ወራሪው ሲገባ ታዲያ ገና ከበሩ አንድ ነገር በነፃ አገኘ፦ «ሥርዓት ያመጣሁት እኔ ነኝ» የሚል ወሬ። ይህ ወሬ ብዙ ሰርቶለታል። በሌሎችም አገሮች እንዲሁ ሆኗል። ስለዚህ ባዶው ቀን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሰው የመጀመሪያውን አንገት መድፋት የሚደፋው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ወጣቶች፣ የዚያን ዘመን ገንዘብ ወረቀት አይምሰላችሁ። የባንክ ወረቀት ነበረ፣ ከከተማ ግን ብዙም አልራቀም። የገበሬው ገንዘብ ጠገራው ነው፤ ማርትሬዛ ብር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር፣ ፊቱ ላይ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የታተመበት። ገበሬው ሳይዳስሰው፣ የንግሥቲቱን ጌጥ ሳያይ አይቀበለውም። ጠገራ ይቀበራል። ውሃ አያበሰብሰውም፣ አይጥ አይበላውም፣ የሣር ቤት ቢቃጠል ከአመዱ ይለቀማል።

ጣሊያን ይህን ያውቅ ነበር። ገና ለጦርነቱ ሲዘጋጅ የጠገራውን መቅረጫ ከቪየና አምጥቶ ሮማ ላይ ማተም ጀምሯል፤ ያለ ጠገራ ስንቅም ጭነትም እንደማያገኝ ገብቶት ነው። አገሩን ከያዘ በኋላ ግን ሊሬን አመጣ። እዚህ ጋ ችግሩ እንዴት እንደተፈጠረ ተከታተሉኝ፤ በየትኛውም ወረራ ተመሳሳይ ነውና። ወራሪው የራሱን ወረቀት በአዋጅ ውድ ያደርገዋል፣ ያገሩን ገንዘብ በአዋጅ ያረክሰዋል። ገበሬው ጠገራውን ይቀብራል፣ ሊሬውን አልፈልግም ይላል። በሊሬ የምትከፍለኝ ከሆነ እህሌን አላወጣም ይላል። ገበያው ይሳሳል፣ የከተማው ዋጋ ይወጣል። ወራሪው የዋጋ ጣሪያ ያውጃል። ያኔ ጭራሽ እህሉ ከገበያ ይጠፋና በጓሮ በር ይሸጣል። በጓሮ በር የሚገዛው ማን ነው? ያለው ነው። የሌለው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ባሏ የዘመተባት ሴት፣ እነዚህ ከሰልፍ ወደ ልመና ይወርዳሉ። ለም አገር ያዝኩ ያለው መንግሥት ራሱ ከአገሩ ስንዴና ዱቄት በመርከብ ያስመጣ ነበር።

የገንዘቡ ጣጣ በነፃነትም አላበቃም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሡ ሲመለሱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ። ሊሬ ያጠራቀመ ሰው ኪሳራው የራሱ ሆነ። የራሳችን አዲስ ገንዘብ የወጣው በሐምሌ 1937 ነው። ገበሬው ወረቀቱን እንዲያምን ታስቦ አብሮት ከብር የተሠራ ሃምሳ ሳንቲም ወጣ። አንድ ቤተሰብ በአሥር ዓመት ውስጥ ጠገራ፣ ሊሬ፣ ሽልንግና አዲሱን ብር አየ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ለውጥ የሚጎዳው መረጃ በመጨረሻ የሚደርሰው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ እህሉ ልሂድ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሦስት መቶ ሺህ ሰው የሞተው እዚህ ነውና።

ጎጆ ሲቃጠል ምን ይቃጠላል? ሣርና እንጨት ብቻ ነው? የጣሊያን ጦር መንደር ሲቀጣ መጀመሪያ ጎጆውን ነው የሚለኩሰው። የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃጠለ ብሎ ያስመዘገበው ቤት 525,000 ነው። በአንድ ጎጆ ውስጥ ያለውን እንቁጠር። በጎተራው የዓመቱ ቀለብ አለ። ከቀለቡ ተለይቶ የተቀመጠ ዘር አለ። በግድግዳው ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር ተሰቅሏል፤ የሚጫንበት ቆዳ፣ ጠፍሩ፣ ስልቻው አለ። የእናትየዋ ምጣድና ወፍጮ አለ። ከእሳቱ ደህና ሆኖ የሚወጣው ማረሻው ብረትና የወፍጮው ድንጋይ ብቻ ነው።

ዘሩን ልብ በሉልኝ። በእጅ ለሚዘራ ጤፍ ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ዘር ይበቃል። ስንዴ ከሆነ ከ100 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። 30 ኪሎ ምን አላት? አንድ ቤተሰብ በጥቂት ሳምንት ይበላታል። ያቺ ስልቻ ከተቃጠለች ግን፣ ወይም ልጅ ሲራብ ከተበላች፣ የጠፋው 30 ኪሎ አይደለም፤ ዓመቱ ነው። ገበሬ ዘሩን ከመብላቱ በፊት የማይሸጠው ነገር የለም ይባላል፤ እውነት ነው። ዘሩን በላ ማለት ተስፋውን ቆረጠ ማለት ነው።

በሬውንም ጨምሩበት። ጤፍ ማሳ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ከበልጉ ዝናብ ጀምሮ ይገመሳል፣ ይደጋገማል፣ ሐምሌ ላይ ይዘራል። አንድ በሬ የሞተበት ሰው መቀናጆ ይፈልጋል፤ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አጣምሮ በየተራ ያርሳል። መንደሩ ሁሉ በሬው ሲያልቅበትስ? ከማን ጋር ይቀናጃል? የተመዘገበው የከብት ጥፋት 5 ሚሊዮን የቀንድ ከብት፣ 7 ሚሊዮን በግና ፍየል፣ 1 ሚሊዮን ፈረስና በቅሎ፣ 700,000 ግመል ነው።

ጊዜውንም ተመልከቱ። ወረራው የተጀመረው መስከረም 1928 ነው። ክተቱ ታወጀ፣ ገበሬው ስንቁን ራሱ ይዞ ዘመተ፤ ስንቅ ማለት ከጎተራው የወጣ ማለት ነው። አዝመራው ሲደርስ የሚያጭደው ሰው ሰሜን ነበር። ሠራዊቱ የተፈታው በመጋቢት መጨረሻ፣ ለጤፍ መሬት በሚገመስበት ወቅት ነው። አንድ አዝመራ በእጅ ጉድለት ሳሳ፣ ቀጣዩ በእርሻ መዘግየት ተበላሸ። አንድ ጥይት ሳይተኮስባት የተራበች መንደር ነበረች ስላችሁ በዚህ ሂሳብ ነው።

የመርዝ ጋዙም የሰው ቆዳ ላይ ብቻ አልቀረም። የሰናፍጭ ጋዝ የሚሉት ስሙ ጋዝ ነው እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ከአውሮፕላን ሲረጭ ሣሩ ላይ፣ ቅጠሉ ላይ፣ የምንጩ ዳር ድንጋይ ላይ ያርፋል፤ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ሲነኩት ወዲያው አያቃጥልም። ከሰዓታት በኋላ ነው ቆዳው የሚቆስለው፣ ዓይን የሚያብጠው። ስለዚህ ሰው ሳያውቅ በባዶ እግሩ ይሄድበታል፣ ልጁን ያዝልበታል፣ ከብቱን ያግጥበታል። ቁስሉ ሲመጣ መታጠብ አይረዳም፤ ጊዜው አልፏል። ጫማ የሌለው እረኛ ቦት ጫማ ካለው ወታደር በላይ ተጎዳ።

ሕዝቡ ታዲያ ዝም ብሎ ጠበቀ? አልጠበቀም። ለዚህ ምስጋናው በአብዛኛው የሴቶች ነው፤ ደፍሬ እናገረዋለሁ። በአርበኝነት ታሪክ ውስጥ «ሕዝቡ ስንቅ ያቀብል ነበር» የሚል አንድ መስመር እናነባለን። ስንቅ ማቀበል ማለት ምን ማለት ነው? ሃያ አርበኛ በሌሊት መጣ እንበል። ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ ቢባል አርባ እንጀራ ነው። በአንድ ምጣድ፣ አንዱ በሦስት ደቂቃ ቢወጣ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እሳት ይነዳል። ሁለት ሰዓት ጭስ! ቀን ከሆነ ከኮረብታው ምሽግ ይታያል። ሌሊት ከሆነ ብርሃኑ ይታያል። የድንጋይ ወፍጮ ድምፅ ደግሞ በጸጥታ ሩቅ ይሰማል። ሊጡም እንግዳ መጣ ተብሎ አይደርስም፤ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ያልታሰበ ብዙ ሊጥ ያቦካች ቤት ጎረቤት ያያታል፤ «ለማን ነው?» ትባላለች።

ስለዚህ እሳት የማይፈልግ ምግብ ተዘጋጀ። በሶ። ገብሱ ይሸከሸካል፣ ይታመሳል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ በስልቻ ወራት ይቀመጣል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይበላል ወይም ይጠጣል። አመሳው ካነሰ ጥሬ ጥሬ ይልና ሆድ ይነፋል፤ ሳይበርድ ስልቻ ከገባ ይወይብና ይሻግታል። ድርቆሽ። የተረፈው እንጀራ ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይቀመጣል፤ ቀላል ነው፣ በአገልግል ይሄዳል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። እነዚህ ለመንገደኛም ለሐዘንም የሚዘጋጁ ስለሆኑ ማንም አይጠረጥርም። አንዲት ሴት ገበያ ስትሄድ አገልግል መያዟ ምን ያስደንቃል? ከሥሩ ግን ጥይት ሊኖር ይችላል፣ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። የውስጥ አርበኛ የምንለው ሥራ ይህ ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ የታሰሩትና ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ የተጋዙት እንዲህ ባለ ሥራ ነው። የእሳቸው ስም ተረፈልን። የሌሎቹስ?

ሁለት ጌታ ያለበት መንደርም ነበረ፤ ይህንንም ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ከመንገድ ዳር ያለ ገበሬ ቀን ጣሊያን ይመጣበታል፦ እህል አምጣ፣ አርበኛ ያለበትን ንገር ይላል። ሌሊት አርበኛ ይመጣበታል፦ ስንቅ አምጣ፣ ለጣሊያን ምን ነገርክ ይላል። ከአንድ ጎተራ ሁለት ግብር ይወጣል። ይህን ገበሬ ባንዳ ማለትም አርበኛ ማለትም ቀላል ነው። እሱ ግን ልጆቹን እስከ አዝመራ ለማድረስ የሚሞክር ሰው ነው። ከሕዝቡ አብዛኛው እንዲህ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እሱን የሚገልጽ ስም ስላላወጣንለት ከታሪክ ወጥቶ ቀረ።

እዚህ ላይ ከርዕሴ ትንሽ ልውጣ። ያው ጣሊያን ከጀርመንና ከቡልጋሪያ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1941 ግሪክን ያዘ። ግሪክ እህሏን በብዛት ከውጭ ታስገባ የነበረች አገር ናት። አገሩ ለሦስት ተከፈለ፤ እህል የሚበቅልበት ሰሜኑ ለቡልጋሪያ ደረሰ፣ ወደ አቴና የሚመጣው እህል ተቋረጠ። በባሕር በኩል ደግሞ እንግሊዝ ዘግቷል። በ1941 መጨረሻ በገባው ክረምት አቴና ውስጥ ሰው በየመንገዱ ወደቀ። ቤተሰቦች የሞተባቸውን ሰው በሌሊት ወስደው መቃብር ስፍራ ያስቀምጡት ነበር፤ ስሙ እንዳይታወቅ። ለምን? ሞቱ ከተመዘገበ የራሽን ካርዱ ይሰረዛል። እናት የልጇን ሞት የምትደብቀው ለቀሩት ልጆቿ ዳቦ ብላ ነው! ኩርቱሉሽ የተባለች የቱርክ መርከብ ምግብ ስታመላልስ ቆይታ በ1942 መጀመሪያ ሰጠመች። ከዚያ ዓመት አጋማሽ በኋላ ግን በቀይ መስቀል አማካይነት የስዊድን መርከቦች የካናዳ ስንዴ በወር 15,000 ቶን ያህል ማድረስ ጀመሩ፤ ረሃቡም ረገበ። ይህን የነገርኳችሁ ለአንድ ነገር ነው፦ እዚያ ካርድ ስለነበረ የሞተው በከፊልም ቢሆን ተቆጥሯል። እኛ ዘንድ ካርድ አልነበረም። በየጫካውና በየገደሉ የሞተውን የመዘገበ የለም።

አራተኛው ሰፈርና ጎረቤት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929፣ ዓርብ፣ የሚካኤል ቀን፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ግቢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። የሆነውን ታውቃላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሸሚዞቹ፣ የፋሺስቱ ፓርቲ ታጣቂዎች፣ በከተማው ተለቀቁ፤ ጎጆ ላይ ቤንዚን እያርከፈከፉ ሰው ውስጡ እንዳለ አቃጠሉ። የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ። በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ብዙዎች ወደ ሶማሊያ ጠረፍ፣ ወደ ዳናኔ ካምፕ ተጋዙ። ከደጋ የወጣ ሰው ወባ በማያውቀው ደሙ፣ በሙቀቱና በመጥፎ ውሃው እዚያ አለቀ። ቤተሰቡ ሞቷል ብሎ ተዝካር አያወጣ፣ ይመጣል ብሎ አይጠብቅ። ባሏ ይኑር ይሙት ያላወቀች ሴት እንዴት ትተዳደር? መሬቱስ በማን ስም ይታረስ?

ሰፈሩም በዘር ተለየ። ገበያው ከአራዳ ተነስቶ ወደ ምዕራብ፣ አሁን መርካቶ ወደምንለው ተገፋ። በሚያዝያ 1929 የወጣው ሕግ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እስራት ይፈርድበታል። በ1931 ደግሞ «የዘርን ክብር» ለመጠበቅ የሚል የቅጣት ሕግ ተጨመረ። በወረቀት ላይ የሚቀጣው ነጩ ነው። በኑሮው ግን ተቀጪዋ ሴቲቱ ናት፤ ሕጉን የፈራ ሰው እሷን ከነልጇ አስወጣት። እ.ኤ.አ. በ1940 አባት ልጁን በስሙ እንዳያስመዘግብ ተከለከለ። ልጁን ያሳደገችው እናት ናት፣ የአያት ቤት ነው።

ጆሮ ጠቢውስ? ክፉውን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። ወራሪ ቋንቋ አያውቅም፣ መንደር አያውቅም፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ አያውቅም። ይህን የሚያውቅለት ከመካከላችን ያለ ሰው ነው። ጥቆማው ሁሉ ደግሞ ስለ አርበኛ አልነበረም። የድንበር ክርክር ያለበት ሰው ባላጋራውን «መሣሪያ ደብቋል» ብሎ ይጠቁማል። ባለ ዕዳ ባለ ገንዘቡን ይጠቁማል። እንዲህ ያለው ነገር ጠላት ሲወጣ አብሮ አይወጣም። አንድ ዕድር ውስጥ፣ አንድ ማኅበር ውስጥ አብሮ ይቀመጣል። የልጅ ልጆቹ ለምን እንደማይጋቡ ሳያውቁ አይጋቡም።

ከድሉ በኋላ ካሳ ተባለ። በ1939 በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። ውሎ አድሮ የመጣው ገንዘብ የዋለበትን ለአዳማ ሰው አልነግረውም፤ ቆቃ ነው። ግድቡ በ1952 ተመረቀ፤ አዋሽ ተገደበ፣ መብራት ሆነ። ጥሩ ሥራ ነው። ሐይቁ የዋጠው የግጦሽና የእርሻ መሬት ግን የዚሁ አገር ሰው መሬት ነበር፤ ይህም መነገር አለበት። ዘሩ የተቃጠለበት የመንዝ ወይም የሲዳሞ ገበሬ ደግሞ ከካሳው ምን ደረሰው?

እንግዲህ ለእናንተ ወደማስረክበው ሥራ መጣሁ። ያን ዘመን በአዋቂነት ያየ ሰው አሁን የለም ማለት ይቻላል። የቀሩት ከእናታቸው፣ ከአያታቸው የሰሙ ናቸው፤ እነሱም ሰማንያውን ዘልቀዋል። ተማሪዎች፣ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ የምትጠይቁት አላችሁ። አጠያየቁን ልንገራችሁ።

«ጀግና ነበሩ ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ከጠየቃችሁ የምታገኙት ፉከራ ነው፣ ወይም ዝምታ። ስለ ዕቃ ጠይቁ። ጨው ከየት ይገኝ ነበር? አቡጀዲ ሲጠፋ ምን ለበሳችሁ? እህሉን የት ደበቁ፤ ጉድጓድ ነው፣ ዋሻ ነው? በሬው የማን ነበር? ሰው ዕቃውን ሲያስታውስ ቀኑም ሰዉም ይከተላል። ወሬው ከማን እንደተሰማ መጀመሪያ ጻፉ፦ አይታ ነው? ሰምታ ነው? ከማን ሰማች? ይህ አንድ መስመር ካልተጻፈ የቀረው ሁሉ ዋጋው ይቀንሳል።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። «ከየካቲቱ ፍጅት በፊት ነው በኋላ? ጤፉ ተዘርቶ ነበር? የትኛው ጾም ነው?» በሉ። ጥንቃቄ የሚፈልግ ስህተት አለ፦ «በጣሊያን ጊዜ» ሲባል አንዳንዴ የዓድዋውና የማይጨው ይቀላቀላል። ክፉው ሁሉም በግራዚያኒ ስም ይነገራል፤ እሱ ግን ከ1930 መጀመሪያ በኋላ አገረ ገዥ አልነበረም። በሰሜን ሸዋ የአርበኞች ቤተሰቦች፣ ሴትና ሕፃን፣ ዋሻ ውስጥ በመርዝ ያለቁት በ1931 ነው፤ ያን ጊዜ ገዥው የአኦስታው መስፍን ነው። ባለታሪኳን አታርሟት። እንዳለችው ጻፉ፣ ማስተካከያውን ከጎኑ ለብቻ አድርጉ።

በስልክ ስትቀዱ ስልኩን ጭናችሁ ላይ ሳይሆን ከእሳቸው ፊት፣ ጨርቅ ላይ አኑሩት፤ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የስኒው ኳኳታ ድምፁን ይውጠዋል። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ከአርባ ደቂቃ አትለፉ፤ ሽማግሌ ይደክማል፣ ሲደክም ያሳጥራል። በኦሮምኛ የሚናገሩትን በኦሮምኛ ቅዱ፣ በኦሮምኛ ጻፉ፤ ትርጉሙ ቆይቶ ይደርሳል። ያው ቀን ፋይሉን በቀኑና በቦታው ሰይማችሁ ሌላ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል።

ሳጥን ውስጥ ጠገራ ወይም የሊሬ ሳንቲም ብታገኙ በሎሚም በአመድም አትፈትጉት፤ ይላጋል፣ ጽሑፉ ይጠፋል። ከማስመሪያ አጠገብ አድርጋችሁ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱት። ደብዳቤ ከሆነ ላሚኔት አታድርጉት፣ በፕላስተርም አታያይዙት፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ይቢጫል፣ ወረቀቱን ይበላዋል። በንጹሕ ፖስታ ውስጥ፣ ፀሐይ በማያየው ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

በአንዳንድ ቤት ደግሞ የምትሰሙት ደስ የማይል ይሆናል። አያት ባንዳ ነበሩ ሊባል ይችላል፣ ወይም ጎረቤት ጠቁመዋል ሊባል ይችላል። አትጫኑ፣ አትፍረዱ፣ ስም እየጠራችሁ በፌስቡክ አትለጥፉ። ስሙን በአንድ ፊደል ተኩት፣ ዋናውን ጽሑፍ ለቤተሰቡ ተዉት። ነገሩ ግን ይጻፍ፤ አርበኛውን ብቻ ከጻፍን ያ በሁለት ጌታ መካከል የነበረው ገበሬ ዳግመኛ ይጠፋብናል።

መምህራን፣ ከእናንተ የምለምነው ለሚያዝያ 27 ለልጆቹ ከሚሰጠው የግጥምና የድራማ ዝግጅት ጋር አንድ ገጽ ጥያቄ ጨምሩላቸው። ከጥያቄዎቹ አንዱን እኔ ልስጣችሁ፦ «ጎጆው ከተቃጠለ በኋላ ለቀጣዩ ክረምት ዘር ከየት አገኙ?» መልሱ ብድር ሊሆን ይችላል፣ ዘመድ ሊሆን ይችላል፣ ስደት ሊሆን ይችላል። እሱን ሰብስባችሁ ካመጣችሁልኝ አብረን እናነበዋለን።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ፤ ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፣ ገለቶማ። ጥያቄ ያላችሁ ማይክሮፎኑ እዚያ ከበሩ በኩል ነው፤ እናቶች ቅድሚያ ይሰጣቸው።